ስልኩ 28 ፐርሰንት እያለ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ይህ ፐርሰንት ከየት ነው የሚመጣው?

ቤዛ_ጥገና፦

ሰላም ናችሁ። ባትሪ የተቀየረለት አንድ አንድሮይድ ስልክ እጄ ላይ አለ። አዲሱ ባትሪ ኦርጅናል አይደለም፤ ላዩ ላይ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ 3.85 ቮልት፣ ሙሉ ቻርጅ 4.4 ቮልት ይላል። ስልኩ 28 ወይም 30 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ካሜራ ሲከፈት ወይም ስልክ ሲደወል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ሰክቼ ሳስነሳው 0 ሳይሆን 27 ያሳያል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ከ20 እስከ 75 ቶሎ ይወጣና ከዚያ በኋላ ይጎተታል። ባለቤቱ "ሶፍትዌር ነው፣ ፍላሽ ይደረግልኝ" (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ይጫንልኝ) ይላል። እኔ ግን ፍላሽ ከማድረጌ በፊት ነገሩ እንዲገባኝ እፈልጋለሁ። ስልኩ ይህን ቁጥር ከየት ነው የሚያመጣው? ቮልት ለክቶ ነው? ከሆነስ 27 ፐርሰንት የቀረው ባትሪ ለምን ይጠፋል? ካሊብሬሽን (የፐርሰንት ንባቡን እንደገና ማስተካከል) የሚባለው ነገርስ ይረዳል? ቴስተርና የዩኤስቢ መለኪያ አለኝ።

ሺ_ሚሊቮልት፦

ቤዛ፣ ፐርሰንቱን የሚለካ መሣሪያ ስልኩ ውስጥ የለም፤ ቁጥሩ በስሌት የሚገኝ ነው። ስልኩ በቀጥታ የሚለካው ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሙቀት ብቻ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ተነስቶ የቀረውን ቻርጅ ይገምታል። ይህን ሥራ የሚሠራው አንዳንዴ ራሱን የቻለ ትንሽ አይሲ (ቺፕ) ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የስልኩን ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር አይሲ ውስጥ የተካተተ ክፍል። ለአነጋገር እንዲመቸን ቆጣሪ ልበለው።

ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ውስጥ ስንት ውሃ እንደቀረ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለሽ። አንድም የውሃውን ከፍታ ታያለሽ፣ አንድም በገቢና በወጪ ቧንቧው ላይ ቆጣሪ ገጥመሽ እየደመርሽ ትቀንሻለሽ። ስልክ ሁለቱንም ይጠቀማል፣ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይሳሳታሉ።

ከፍታው ቮልቴጅ ነው። እስከ 4.4 ቮልት የሚሞላ ሊትየም ባትሪ አርፎ ሲለካ ግማሹ ላይ 3.83 ገደማ፣ 20 ፐርሰንት ላይ 3.70 ገደማ ያሳያል (እንደ ኬሚስትሪው ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል)። ችግሩ መሃሉ ላይ ነው፤ ከ60 እስከ 20 ፐርሰንት ያለው መስመር ጠፍጣፋ ስለሆነ 40 ፐርሰንቱ በሙሉ በ0.2 ቮልት ውስጥ ታጭቋል። ለአንድ ፐርሰንት 5 ሚሊቮልት ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ንባቡ በ20 ሚሊቮልት ቢሳሳት 4 ፐርሰንት ይዞ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሮቶው መናወጥ የለበትም። ስልኩ ከረንት እየሳበ ከሆነ ቮልቴጁ ከእውነተኛው ቦታ በታች ይወርዳል፣ ቻርጅ ላይ ከሆነ ከቦታው በላይ ይወጣል። ከረንቱ ከቆመ በኋላም ወዲያው አይረጋጋም፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈልጋል። የቺፕ አምራቹ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኢምፒዳንስ ትራክ የሚባለው ዘዴ "ባትሪው አርፏል" ብሎ የሚያምነው ቮልቴጁ በሰከንድ ከ4 ማይክሮቮልት ያነሰ ሲቀያየር ነው። ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

የቧንቧው ቆጣሪ ደግሞ ኩሎምብ ቆጠራ ይባላል። በባትሪው መስመር ላይ በጣም ትንሽ ሬዚስተር ይቀመጣል፤ 10 ሚሊኦም የተለመደ ነው። 1 አምፒር ሲያልፍበት 10 ሚሊቮልት ይፈጥራል፣ ቆጣሪው ያንን እያነበበ በጊዜ ያባዛዋል፣ ይደምረዋል። ይህ ዘዴ መሃሉ ጠፍጣፋ ሆነ አልሆነ ግድ የለውም፤ ለአጭር ጊዜ በጣም ትክክለኛ ነው። ድክመቱ ስህተትን ማጠራቀሙ ነው። 10 ማይክሮቮልት የምታህል ቋሚ ስህተት 1 ሚሊአምፒር ትሆናለች፣ በቀን 24 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ከ5000 ላይ ግማሽ ፐርሰንት ገደማ። ሳምንት ሙሉ ካልታረመች ሦስት ፐርሰንት ታልፋለች። ሌላው ድክመቱ ደግሞ መነሻውንና የሮቶውን ስፋት ከሌላ ቦታ መስማት ያለበት መሆኑ ነው። 1000 እንደወጣ ያውቃል፤ 1000ው የስንት ስንተኛ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ሁለቱ ይተራረማሉ። ስልኩ እየሠራ ከረንት ይቆጥራል፣ ሌሊት ተኝቶ ቮልቴጁ ሲረጋጋ የትኛው ቮልቴጅ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ከሚናገር ሠንጠረዥ ጋር አመሳክሮ ስህተቱን ያጠፋል። ሁለት የእረፍት ነጥቦች ካገኘና በመካከላቸው በቂ ቻርጅ ካለፈ የባትሪውን ትክክለኛ አቅም እንደገና ይማራል። እንደ ማክሲም 17043 ያሉ ሬዚስተር የሌላቸው ቆጣሪዎችም አሉ፤ እነሱ ቮልቴጁን ብቻ ይዘው በባትሪ ሞዴል ያሰላሉ፣ ስለዚህ ሞዴሉ ከባትሪው ጋር ካልገጠመ ይስታሉ።

ውሃ የገባው ስልክ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ያ 10 ሚሊኦም ሬዚስተር ብየዳው ከተበላ ወይም በሌላ ዋጋ ከተተካ ቆጠራው በሙሉ ይዛባል። በ20 ሚሊኦም ከተተካ ቆጣሪው እያንዳንዱን አምፒር ሁለት አድርጎ ያነባል። እሱን በተራ ቴስተር ኦም ላይ አድርጎ መለካት ዋጋ የለውም፣ የቴስተሩ ገመድ ራሱ ከዚያ በላይ ኦም አለው። የታወቀ ከረንት አሳልፎ በሁለቱ ጫፎች ያለውን ሚሊቮልት ማንበብ ነው።

ዐይነ_ቴስተር፦

ከላይ ያለው ልክ ነው፤ የቤዛ ስልክ ግን ሌላ ነገር እየነገራት ይመስለኛል። ቻርጁ እያለ መውጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ሮቶው ውሃ አለው፣ ቧንቧው ግን ተደፍኗል።

ማንኛውም ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። ስልኩ የሚያገኘው ቮልቴጅ ባትሪው አርፎ ከሚያሳየው ላይ ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ጤነኛ ባለ 5000 ባትሪ ከመከላከያ ቦርዱ (ባትሪው ላይ ያለች ሴሉን የምትጠብቅ ትንሽ ሰርኪት) እና ከማገናኛው ጋር ተደምሮ 0.1 ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ 2 አምፒር ሲሳብበት 0.2 ቮልት ይወርዳል። ያረጀ ወይም መጥፎ ባትሪ 0.3 ኦም ከደረሰ ያው 2 አምፒር 0.6 ቮልት ይነጥቃል። 30 ፐርሰንት ላይ ያረፈ ቮልቴጅ 3.74 ገደማ ነው፤ 0.6 ስትቀንሺ 3.14። ብዙ ስልኮች ቮልቴጁ ከ3.4 እስከ 3.2 ባለው ክልል ሲወርድ ራሳቸውን ይዘጋሉ። ቻርጀር ሲሰካ ደግሞ ጫናውን ቻርጀሩ ይሸከመዋል፣ የባትሪው ቮልቴጅ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቆጣሪውም 27 ይልሻል። ያኔ አልዋሸም፤ ያ ቻርጅ በእርግጥ ውስጡ አለ።

ብርድ ይህን ያባብሰዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቦታ ጠዋት ከቤት ውጭ 40 ፐርሰንት ላይ የሚጠፋ ስልክ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ቢነሳ አይገርምም፤ ሬዚስታንሱ ከቅዝቃዜ ጋር ስለሚጨምር ነው። ደካማ ኔትወርክም ያባብሰዋል። ስልክ በ2ጂ ሲደወል ከረንቱ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ከግማሽ ሚሊሰከንድ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ዘሎ እስከ 2 አምፒር ይደርሳል። ቴስተር አማካዩን ብቻ ስለሚያሳይ ያንን ስርጉድ አታዪውም፤ ፓወር አይሲው ግን ያየዋል።

አሁን እንዲህ ለኪ። ስልኩን 30 ፐርሰንት አካባቢ አድርሰሽ ስክሪኑን አጥፍተሽ አንድ ሰዓት አሳርፊው፤ የባትሪውን ቮልቴጅ መዝግቢ። ከዚያ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጊና በካሜራ ቪዲዮ እየቀረጽሽ፣ ከረንት የሚያሳይ አፕ ከፍተሽ፣ ቮልቴጁን በሦስት ቦታ አንብቢ፦ በስልኩ ዋና ቦርድ በኩል ባለው የማገናኛ ጫፍ፣ በባትሪው ፍሌክስ (ተጣጣፊ ገመድ) መነሻ፣ እና ከመከላከያ ቦርዱ በፊት በራሱ በሴሉ ሁለት ምላሶች (የብረት ጫፎች) ላይ። ልዩነቶቹን ለከረንቱ ስታካፍዪ ጥፋቱ ማገናኛው ላይ ይሁን፣ መከላከያ ቦርዱ ላይ ይሁን፣ ሴሉ ላይ ይሁን ቁጭ ብሎ ይታያል። የሴሉን ምላሶች ስትነኪ የቴስተሩ ጫፎች እንዳይነካኩ፤ እዚያ ጋ መከላከያ የለም።

በተጨማሪ የባትሪውን የሙቀት ፒን ለኪ። አብዛኛውን ጊዜ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎኦም የሚሆን ቴርሚስተር (ኦሙ ከሙቀት ጋር የሚቀያየር ሬዚስተር) ነው፤ በ45 ዲግሪ 5 ኪሎኦም ገደማ ይወርዳል። ርካሽ ባትሪ ላይ በቴርሚስተር ፋንታ ተራ ሬዚስተር ተበይዶ እናገኛለን። ያኔ ስልኩ ባትሪው ሁልጊዜ 25 ዲግሪ ላይ እንዳለ ያምናል፤ ፐርሰንቱ ብቻ ሳይሆን ቻርጅ ማቆሚያውም ይሳሳታል፣ ይህ አደገኛ ነው። በጣት ይዘሽ አሙቂው፤ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ባትሪውን መልሺ።

ከርነል_አንባቢ፦

ስለ ፍላሽና ካሊብሬሽን ልመልስ።

ፍላሽ ማድረግ የባትሪ ሬዚስታንስ አይቀንስም። የአንድሮይድ ስክሪን የሚያሳየው ቁጥር ከቆጣሪው በድራይቨሩ (ቆጣሪውን ከሲስተሙ ጋር በሚያገናኘው ሶፍትዌር) በኩል የሚመጣ ነው። "ባተሪ ስታትስ" የሚባለውን ፋይል ማጥፋት ባትሪን ያስተካክላል የሚለው ምክር እስካሁን ይዞራል፤ የጎግሏ የአንድሮይድ መሐንዲስ ዳያን ሃክቦርን እ.ኤ.አ. በ2012 ያ ፋይል የትኛው አፕ ስንት እንደበላ ለማሳየት ብቻ እንደሚያገለግል፣ ፐርሰንቱ ላይ ምንም ተጽዕኖ እንደሌለው በግልጽ ጽፋለች። በነባር ስልክ ላይ ካሊብሬሽን አፕ መጫን ትርፉ ማስታወቂያ ማየት ነው።

በቆጣሪው እና በስክሪኑ መካከል ግን አንድ ተጨማሪ ነገር እንዳለ እወቂ፦ ማለስለሻ። ቆጣሪው በድንገት ግምቱን ከ41 ወደ 36 ቢያርም ስክሪኑ አይዘልም፤ 40፣ 39፣ 38 እያለ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ስልኩ ከቻርጀር ተነቅሎ እያለ ቁጥሩ ወደ ላይ እንዳይሄድም ይከለክሉታል፤ ቆጣሪው "ይቅርታ፣ ብዙ ቀርቷል" ቢል ስክሪኑ እውነታው እስኪደርስበት አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። 1 ፐርሰንት ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ስልክ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ሁለቱም ጫፎች ላይ ትርፍ ይተዋል፤ 0 ሲል ሴሉ ባዶ አይደለም፣ ስልኩ ፋይሎቹን በሥርዓት ዘግቶ ለመተኛት የሚበቃ ቻርጅ አለ። 100 ካለ በኋላም ቻርጀሩ ጥቂት ሊገፋ ይችላል፤ ቻርጁ አለቀ የሚባለው ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ቆሞ ከረንቱ ወደ ትንሽ ሲወርድ ነው፣ ለምሳሌ በ5000 ባትሪ ወደ 250 ሚሊአምፒር አካባቢ።

ካሊብሬሽን የሚጠቅምበት ቦታ አንድ ነው፤ ባትሪ ሲቀየር። ቆጣሪው የድሮውን ባትሪ አቅም ሊያስታውስ ስለሚችል አንድ ሙሉ ዙር ይረዳዋል። 100 ካለ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንደተሰካ ተዪው፣ ንቀዪና በቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ ዝቅ ባለ ብርሃን ቪዲዮ እያጫወትሽ፣ እስኪጠፋ አውርጂው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት አሳርፊው፤ ሳታቋርጪ እስከ መጨረሻ ሙዪው። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ ሙሊቱን ከፓወር ባንክ አድርጊው፤ መሃል ላይ መቋረጡ ትምህርቱን ያጎድልበታል። ይህን በየወሩ መደጋገም ግን ሴሉን ያደክማል እንጂ ምንም አይጨምርም።

ንባቦቹን ለማየት አንዳንድ፣ በተለይ ቆየት ያሉ፣ አንድሮይዶች ላይ *#*#4636#*#* ቮልቴጅና ሙቀት ያሳያል። በበርካታ ሳምሰንግ ሞዴሎች *#0228# አለ፤ እዚያ "ኩዊክ ስታርት" የሚለውን አዝራር ካየሽ ዝም ብለሽ አትጫኚው። ቆጣሪው በዚያች ቅጽበት ያለውን ቮልቴጅ እንዳረፈ ቮልቴጅ ቆጥሮ ግምቱን ከዜሮ እንዲጀምር የሚያዝ ነው። ቻርጅ ላይ ሆነሽ ከተጫንሽው ከፍ አድርጎ ይሳሳታል፣ ሥራ ላይ ሆነሽ ከተጫንሽው ዝቅ አድርጎ። ከረንት የሚያሳዩ አፖችን በተመለከተም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንድሮይድ ከረንቱ በማይክሮአምፒር እንዲሰጥ ቢያዝም በሚሊአምፒር የሚሰጡ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱንም የሚገለብጡ ስልኮች አሉ። መጀመሪያ ከዩኤስቢ መለኪያሽ ጋር አመሳክሪው።

አይፎን_ብቻ፦

ሌሎች ይህን ገጽ ሲያነቡ እንዳይሳሳቱ፦ አይፎን ላይ ቆጣሪው የሚገኘው ባትሪው ራሱ ላይ ባለች ትንሽ ቦርድ ነው። ሴሉን ብቻ ቀይሮ የድሮዋን ቦርድ የሚያዛውር ጠጋኝ የድሮውን ትዝታም አብሮ ያዛውራል። "የባትሪ ጤንነት" 78 ይል ከነበረ አዲስ ሴል ገብቶም 78 ማለቱን ይቀጥላል። ማዛወሩም የሚሠራው በስፖት ብየዳ ብቻ ነው፤ የሴል ምላስ ላይ የብየዳ ካውያ ማሳረፍ ሴሉን ከውስጥ ይጎዳል።

ያ የጤንነት ቁጥርም ቢሆን ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአይኦኤስ 11.3 ጋር ነው የመጣው፤ የመጣበትም ምክንያት ቤዛ የጠየቀችው ችግር ራሱ ነው። ያረጁ ባትሪዎች በድንገተኛ ጫና ስልኩን ሲያጠፉት አፕል በ10.2.1 የፕሮሰሰሩን ፍጥነት መቀነስ ጀመረ፣ በ2017 መጨረሻ ይህንኑ አመነ፣ ከዚያ ሰው እንዲያየው ቁጥሩን አወጣ። በ2021 ደግሞ በ14.5 የአይፎን 11፣ 11 ፕሮ እና 11 ፕሮ ማክስ ግምት ስህተት ስለነበረበት እንደገና እንዲሰላ አደረገ፤ ይህም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ደንበኛ "85 ይላል" ብሎ ሲመጣ ቁጥሩን አክብሬ እሰማለሁ፣ ፍርድ የምሰጠው ግን ጫና ላይ ባለው ቮልቴጅ ነው።

ቤዛ_ጥገና፦

በጣም አመሰግናለሁ። ለክቻለሁ። 29 ፐርሰንት ላይ አንድ ሰዓት አርፎ 3.74 ቮልት። ቪዲዮ እየቀረጸ፣ አፑ 1.6 አምፒር ሲያሳይ፦ በቦርዱ በኩል 3.29፣ በፍሌክሱ መነሻ 3.31፣ በሴሉ ምላሶች ላይ 3.37። የሙቀት ፒኑ 10.4 ኪሎኦም ነው፣ በጣቴ ሳሞቀው ይወርዳል። ከዚያ በዝቅተኛ ብርሃን እስኪጠፋ አውርጄ፣ ስልኩን አጥፍቼ እስኪሞላ ቻርጅ አደረግሁት፤ የዩኤስቢ መለኪያው 13.9 ዋት ሰዓት አሳየ።

ዐይነ_ቴስተር፦

ጥሩ ነው የለካሽው። አጠቃላይ መውረዱ 0.45 ቮልት ነው፤ ለ1.6 ሲካፈል 0.28 ኦም። ከዚህ ውስጥ ማገናኛውና ፍሌክሱ 0.02 ቮልት ወስደዋል፣ 13 ሚሊኦም ገደማ፣ ጤነኛ ነው። መከላከያ ቦርዱ 0.06 ቮልት፣ 38 ሚሊኦም ገደማ፣ ለእንደዚህ ዓይነት ቦርድ የሚጠበቅ ነው። የቀረው 0.37 ቮልት የሴሉ ነው፦ 0.23 ኦም። ለአዲስ ባለ 5000 ሴል ይህ በጣም ብዙ ነው።

አቅሙም ያንኑ ይመሰክራል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዩኤስቢ መለኪያውን ሚሊአምፒር ሰዓት ከባትሪው ጽሑፍ ጋር በቀጥታ ማወዳደሩ ነው። መለኪያው በ5 ወይም በ9 ቮልት ይቆጥራል፣ ባትሪው በ3.85፤ ስለዚህ ዋት ሰዓትን ነው ማወዳደር። 5000 በ3.85 ሲባዛ 19.25 ዋት ሰዓት ነው። በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነውን 15 ፐርሰንት ብንለው መለኪያሽ 22.6 አካባቢ ማሳየት ነበረበት። 13.9 በ0.85 ሲባዛ 11.8 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ለ3.85 ሲካፈል 3070 ሚሊአምፒር ሰዓት። ብክነቱን በአምስት ፐርሰንት ከፍ ዝቅ ብታደርጊው እንኳ 5000 አጠገብ አይደርስም። ቻርጁ ከ20 እስከ 75 መሮጡ ሮቶው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጎተቱ ደግሞ ሬዚስታንሱ ቮልቴጁን ቀድሞ ጣሪያው ላይ ስለሚያደርሰው ቻርጀሩ ከረንቱን ለመቀነስ መገደዱ ነው።

ቆጣሪው ምንም አላጠፋም፣ ሶፍትዌሩም። አሮጌ ወይም ዝቅተኛ ሴል አዲስ ሽፋን ለብሶ ነው የመጣው፤ ሻጩ ጋ ስትመልሺው እነዚህን ቁጥሮች ጽፈሽ ያዢ። ቀጣዩን ባትሪ ሙጫ ሳታስነኪው በፊት በማገናኛው ብቻ ሰክተሽ ሞክሪው። 50 ፐርሰንት አካባቢ አሳርፈሽ፣ ያንኑ ቪዲዮ እያስቀረጽሽ፣ በቦርዱ በኩል ያለው መውረድ በ1.6 አምፒር ከ0.16 ቮልት ካልበለጠ ለጥፊው።